ከድመቷ ቆዳ ሥር

ጎንደር፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ፅዮን ዳኛው
በርገን፣ ኖርዌይ

የአያትሽ የአክስት ልጅ ከሆንኩት ከየዓለምወርቅ ሐብተ ማርያም ሰላምታ ይድረስሽ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካልሆነ በቀር ዓይኔም አላስቸገረኝም። አንቺንም በሰው አገር መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልሽ።

ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወራት ሆነው። ስልኩም በየመሐሉ እየተቋረጠ ያናድደኛል። ስለዚህ በፖስታ ጻፍኩልሽ። ሁሉም ቢሠራም እኔ በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር እንደተባለ አልቆጥረውም።

እናትሽ ይርገዱ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ከትክል ድንጋይ ከተማ አንዲት ድመት በዘንቢል ይዛልኝ መጣች። አይጥ አስቸገረኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። አስቀምጣት ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች። ድመቷ ዥጉርጉር ናት፣ ሴት ናት፣ ዕድሜዋ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው። ስም አላወጣሁላትም። ቀኑን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ፊቷን ወደ አንድ ግድግዳ አዙራ ትቀመጣለች። ግድግዳው ላይ ምንም የለም፤ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጠጉሯን ስቦርሽ በግራ ጎኗ፣ ከፊት እግሯ ወደ ኋላ፣ ሁለተኛው ጡቷ አጠገብ ከቆዳዋ ሥር እብጠት አገኘሁ። እንደምታውቂው ሠላሳ አራት ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበርኩ። ያሠለጠነችን ፈረንጅ አለቃ በሕመምተኛ ካርድ ላይ «ትንሽ እብጠት» ብላ የጻፈችን ልጅ ካርዱን ሃምሳ ጊዜ ታስገለብጣት ነበር። ስለዚህ ልኩን እነግርሻለሁ፦ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር፣ ክብ፣ ጠንካራ፣ በጣት ሲገፉት የሚንሸራተት፣ የማያም፣ የማይሞቅ። የሰው ቢሆን ምን እንደምል አውቅ ነበር። የድመት ግን አልተማርኩም። አንቺ በእንስሳት ክሊኒክ የምትሠሪ ነሽና የድመት እብጠት ምን ምን እንደሆነ አስረጂኝ። ሳታሳጥሪ ጻፊ።

የዓለምወርቅ


በርገን፣ ሐምሌ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ የዓለምወርቅ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎን ሳየው የእጅ ጽሕፈትዎን አወቅሁትና ሳልከፍተው ደስ አለኝ። እዚህ ዝናብ ነው፤ እዚህ ሁልጊዜ ዝናብ ነው። ጤናዎን ያብዛልኝ።

እንዳዘዙኝ ሳላሳጥር እጽፋለሁ። ድመት ከድመት ተጣልታ ከተነከሰች ጥርሱ የገባበት ይመግላል። እንዲህ ያለው በሁለት በሦስት ቀን ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ትጮኻለች። እንደ ሊጥ የሚለሰልሰው ብዙውን ጊዜ ስብ ነው፤ አይጎዳም። ውኃ የቋጠረም አለ። መርፌ የተወጋችበት ቦታ ለሳምንታት ሊያብጥ ይችላል። ጠጥቶ የተነፋ መዥገር ደግሞ ከጠጉር ሥር እብጠት መስሎ እኛንም ያታልለናል። ጠንካራ ሆኖ፣ ሳያም፣ ጡት አጠገብ የወጣ ግን ሌላ ነው። በሴት ድመት እንዲህ ካለው ከአሥሩ ስምንቱ ክፉው ነው። ዳስሶ የሚያውቅ የለም፤ በቀጭን መርፌ ተቀድቶ ወይም ወጥቶ ነው የሚመረመረው። ሳያድግ የወጣላት ድመት ብዙ ትኖራለች፤ የዘገየባት አትኖርም። እባክዎ ክሊኒክ ይውሰዷት።

ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተጨማድዷል? ክንዷን ይከብዳታል? አንዳንድ ቀን ጧት ስትነቃ የሌለ ይመስላታል?

ለእናቴ ስለ እብጠቱ አይንገሯት። ትጨነቃለች።

ታዛዥዎ ፅዮን


ጎንደር፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለፅዮን፣

ደብዳቤሽ በሠላሳኛው ቀን ደረሰኝ። የሰው ልጅ በእግሩ ቢሄድ ይቀድመው ነበር። ለመልካም ማብራሪያሽ አመሰግናለሁ፤ አስተማሪዎችሽ በከንቱ አልደከሙም።

ለጥያቄሽ። ቆዳው አልተጨማደደም። ድመት ክንድ የላትም። ጧት ስትነቃ ምን እንደሚመስላት አልነገረችኝም።

በዘንቢል አድርጌ ክሊኒክ ወሰድኳት። ፊልጶስ የሚባል ወጣት ሐኪም ነው፤ እጁን ሳይታጠብ ሊነካት ሲል መለስኩትና ታጥቦ መጣ። እሱም አንቺ ያልሽውን አለ። ማደንዘዣ መድኃኒት እንደመጣለት ጠርቶኝ ሊያወጣላት ተስማማን። እስከዚያው በየሐሙሱ እለካለሁ። ባለፈው ሐሙስ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ሆኗል።

አሁን የምጽፍልሽን ደግሞ አንድ ቃል ሳልጨምር ነው የምጽፈው። ሐምሌ 24 ቀን ከቀትር በኋላ ድመቷ ግድግዳዋን እያየች ተቀምጣ ሳለ ድንገት ዘለለች፤ ድምፅ ግን አላሰማችም። ሳነሳት እብጠቱ ላይ አንዲት ነጥብ ደም አገኘሁ። ጠጉሯን ገልጬ በመነጽር አየሁት። የመርፌ ቀዳዳ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ስወጋ ኖሬአለሁ፤ የመርፌን ቀዳዳ ከቁንጫ ንክሻ እለያለሁ። በሩ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ከእኔ በቀር በቤቱ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልወጋኋትም።

ድመት ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ከቆዳ ውስጥ ወደ ውጭ ሊከፈት ይችላል? በትምህርት የተጻፈ ነገር ካለ ንገሪኝ።

የዓለምወርቅ


በርገን፣ መስከረም 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የዓለምወርቅ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። ዘመኑን የጤና ያድርግልዎ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በትምህርት የተጻፈ ነገር አላውቅም።

እባክዎ ፊልጶስ እንዳይነካት። ማደንዘዣውም ቢመጣ ይቆይ። በየሐሙሱ የሚለኩትን ግን ከነቀኑ ይጻፉልኝ። ለድመቷ ሥጋ መግዣ ይሁን ብዬ ጥቂት ብር በባንክ ልኬአለሁ፤ ጥሩ ጥሩውን ትብላ። እንዳትጠፋብዎ፣ መኪና እንዳይገጫት፣ በሩን ይዝጉባት።

ሥራ ስለበዛብኝ አሳጠርኩ፤ ይቅርታ።

ፅዮን


ጎንደር፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፅዮን፣

ደኅንነትሽን የምጠይቀው እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አይደለም። ጠይቄሻለሁ፤ መልስ እፈልጋለሁ።

በሐምሌ ሳያድግ ይውጣ ብለሽ ጻፍሽ። በመስከረም አይነካ ብለሽ ጻፍሽ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩ። በመጀመሪያው የጠየቅሽኝን የብርቱካን ልጣጭና የክንድ መክበድ፣ ሰው የሚጠየቀው እኔ በሠራሁበት ክፍል ነው። እኔም ሴቶችን እንዲሁ እጠይቅ ነበር። ማንም ሐኪም ድመትን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ እናትሽን አስጠራኋት። ቅዳሜ ገበያዋን ትታ መጣች። ድመቷን ከየት እንዳመጣቻት ብጠይቃት የጎረቤት ናት አለች፤ ምነው ለእኔ አመጣሻት ብላት ለአይጥ አለች። አይጥ እንደሌለኝ ነገርኳት። ነጠላዋን እያጣጠፈች እየዘረጋች ቆየችና እንዲህ ተባባልን፤

«ጭዳ ናት እትዬ።»

የታመመ ሰው ራስ ላይ ዶሮ አዙሮ፣ ሕመሙን ለዶሮዋ አሸክሞ አርዶ መጣሉን እኔም በልጅነቴ አይቻለሁ። በድመት ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ምነው በዶሮ አላደረግሽውም?»

«ጾም ነበር። በሁዳዴ ዶሮ አርጄ ለነፍሴ ምን ልበላት?»

«ድመትስ በሁዳዴ ትታረዳለች?»

«ኧረ አላረድኳት። ሰባት ጊዜ ነው ያዞርኳት።»

«በማን ራስ ላይ? ልጂቱ ያለችው ባሕር ማዶ።»

«በፎቶዋ። የተመረቀችበት፣ ሸጋው፣ ከነቆቡ።»

ቆቡ እንዳይከለክለው አልፈራሽም አልኳት። ቀልድ መሆኑ አልገባትም፤ ቆቡን በጣቷ ሸፍና እንዳዞረቻት አስረዳችኝ። ከዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ልትጥላት ይዛት ወጣች። ድመቷ ግን ከኋላዋ ተከትላት ተመለሰች፤ ሦስት ጊዜ። መግደል ደግሞ አልሆነላትም።

«ታዲያ ወደ እኔ ቤት?»

«እርስዎ አያምኑበትም። የማያምን ቤት አይጎዳም ብዬ ነው።»

ይህን ስትል አላፈረችም። ፅዮን ታማለች ብላም ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ አስምላኛለች አለች እንጂ። የማለችው ለአንቺ ነው።

እኔ በጭዳ አላምንም። ዛሬም አላምንም። ግን ቁጥር አልደብቅም። ባለፈው ሐሙስ አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከፊት እግሯ ሥርም ሁለተኛ፣ ትንሽ፣ አምስት ሚሊ ሜትር ተጨምሯል። የምታየው ግድግዳ ደግሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። በጎረቤት ልጅ አትላስ ላይ ማስመሪያ አስቀምጬ አየሁት። ምን እንዳየሁ አልጽፍልሽም።

ምን አለብሽ? የት ላይ? ስንት ሚሊ ሜትር? መቼ ተወጋሽ?

የዓለምወርቅ

የላክሽው ብር በስምሽ ተቀምጧል። ድመቷ የምትበላው እኔ የምበላውን ነው።


በርገን፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ግራ ጡቴ ላይ፣ ከጎን በኩል። በየካቲት ነው ያገኘሁት። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት፤ መንገር አልነበረብኝም። ሐኪም ጋ ቀጠሮ እየያዝኩ እየሰረዝኩ እስከ ግንቦት ቆየሁ። በግንቦት በምስል ሲያዩት አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር ነበር። ሐምሌ 24 ቀን በመርፌ ቀዱት። ክፉው ነው አሉኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ፣ ያቺን የደም ነጥብ ያነበብኩ ዕለት፣ በአውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ሳልወርድ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሄድኩ።

በመስከረም ሊያወጡልኝ ቀጥረውኝ ነበር። ከዚያ በፊት እንደገና በምስል አዩኝ። አሥራ አራት ሆኗል። በጥቅምት ደግሞ አሥራ አንድ። ሐኪሟ ይህ የአለካክ ልዩነት ነው፣ የዚህ ዓይነት እብጠት በራሱ አይጠፋም፣ ቶሎ ግቢ ትለኛለች። እኔም እንስሳ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ግን እትዬ፣ የእርስዎን ቁጥር ከእኔ ቁጥር ጎን ጽፌ አየሁት። በእሷ ላይ ሲጨምር በእኔ ላይ ይቀንሳል። ቀዶ ጥገናውን ሰርዣለሁ። እየተሸከመችልኝ ነው። ቢላ ይዤ ምን ልሠራ እገባለሁ?

አይንኳት። ከሞተችም ይጻፉልኝ፤ ያኔ ይዛው ሄደች ማለት ነው። እስከ ፋሲካ ልጠብቅ።

ይቅር ይበሉኝ።

ፅዮን


ጎንደር፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ለፅዮን፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ዛሬ የመለኪያ ቀን ነው። ጧት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ድመቷን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በብርሃን መረመርኳት።

ከቆዳዋ ሥር ምንም የለም። በጎኗም የለም፣ ከእግሯም ሥር የለም። ልኩ ባዶ ነው። 0።

ሸክሟን ጥላለች። ወዴት እንደጣለችው እኔ አላውቅም፤ አንቺ ግን እጅ አለሽ፣ ዳስሺ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ዕለት፣ ካፖርትሽን ሳታወልቂ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ። ፋሲካን አትጠብቂ። ይህ ምክር አይደለም።

የዓለምወርቅ


በርገን፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የዓለምወርቅ፣

እጄን ማንሳት ስለከበደኝ ጽሕፈቴ ቢወላገድ አይቆጡኝ። ተርፌአለሁ። ወጥቶልኛል።

ግን በደብዳቤዎ አይደለም የሄድኩት። ደብዳቤዎ የደረሰው ከሆስፒታል ከተመለስኩ በኋላ ነው። ኅዳር 19 ቀን ሐሙስ፣ ሥራ ልገባ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር፤ እዚህ ከጧቱ ስምንት ሰዓት ይባላል። ግራ ጎኔ ላይ አንድ ሰው የጋለ ሳንቲም ያስቀመጠብኝ መሰለኝ። ብነካው ከጣቴ ሥር ሞላ። በዋዜማው ማታ የነካሁት እሱ አይደለም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ፊቴን አይታ ወንበር አመጣችልኝ። ከዚያው ክፍል ሆኜ ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፤ በስድስተኛው ቀን አወጡልኝ።

ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር። ሐኪሟ ምስሉንና የወጣውን እያስተያየች ብዙ ቆየች። ከብብቴ አንድ ዕጢም አብረው አውጥተዋል፤ የእሱ ውጤት በጥር መጨረሻ ይነገረኛል። እስከ ፋሲካ ብቆይ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ጠየቅኋት። የሚቀጥለውን ቀጠሮዬን ጻፈችልኝ።

ያን ዕለት ከእሷ ዘንድ ቤት ስመለስ የእርስዎ ደብዳቤ በበሩ ሥር ተጥሎ ነበር። ከፍቼ ቀኑን አነበብኩና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ድመቷስ እንዴት ናት?

ልጅዎ ፅዮን


ጎንደር፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፅዮን፣

መትረፍሽን ያሰማኝ አምላክ ይመስገን። ደብዳቤሽን ቆሜ ነው ያነበብኩት። የጽሕፈትሽን መወላገድ አይቻለሁ፤ በዚህ አንድ ጊዜ አልፌዋለሁ።

አሁን የምነግርሽን ለነፍስ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ለአንቺም መንገር ይገባኛል። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ የሐሰት ቁጥር ጽፌአለሁ። እሱም ኅዳር 19 ቀን የላክሁልሽ ባዶው ነው።

የዚያን ቀን ጧት ስለካው ሃያ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር። በራሴ ደብተር ላይ በቀይ ተጽፎ አለ። ግን ጨመረ ብልሽ ተሸከመችልኝ ብለሽ ትቀመጫለሽ። ሞተች ብልሽም ይዛው ሄደች ብለሽ ትቀመጫለሽ። አንቺን ከወንበርሽ የሚያስነሳሽ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ጻፍኩት። እንዲያውም ባዶዋን ክብ አሳምሬ ነው ያዞርኳት።

ደብዳቤውን ይዤ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ወረፋ ነበረ። ጸሐፊው ማኅተሙን ሲመታበት የግድግዳውን ሰዓት አይቻለሁ፤ ልክ አራት ሰዓት ነበር። የእናንተ የጧት ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ጊዜ አሰላሁት።

ቤት ስደርስ ድመቷ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ፊቷን ከግድግዳው አዙራለች። አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት፤ የዋሸሁትን ልክ በጣቴ አግኝቼ ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር መሰለኝ። አላገኘሁትም። አነሰ አላልኩሽም፤ አልነበረም። በግራም በቀኝም ፈለግሁ። በማግስቱ ፊልጶስ ዘንድ ወሰድኳት። ታጥቦ፣ ደጋግሞ ዳስሶ፣ «እማማ፣ የቱ ጋ ነበር?» አለኝ። ሁለት ጊዜ በገዛ እጁ የነካው ሰው ነው።

ድመቷ ደኅና ናት። በልታ ትተኛለች፤ ማታ ማታ ከጓዳ አይጥ ይዛ ትወጣለች። አይጥ እንደነበረኝ አላውቅም ነበር። እናትሽ ሥራዋን ጨርሳለች፣ ልውሰዳት ብላ መጥታ ነበር። አልሰጠኋትም። ደግሞ ለሌላ ሰው ታዞራታለች። እኔ ቤት ማንም በማንም ላይ አይዞርም አልኳት። «ይኸው አመኑበት» ብላ ሳቀችብኝ።

ፅዮን፣ እኔ ቁጥር የሚጻፈው የሆነውን ለመናገር ነው ብዬ ነው የተማርኩት። ያንን ባዶ የጻፍኩት ድመቷ ስለጣለችው አልነበረም። የጣለችው ከጻፍኩት በኋላ ነው። አንቺን ያዳነሽም ያሳመመሽም የእኔ ብዕር ይሁን ሌላ፣ የምጠይቀው አስተማሪ በሕይወት አልቀረልኝም።

ስለ ዕጢው ውጤት «ነጻ ነው» ብዬ ልጽፍልሽ ትናንት ብዕር አንስቼ ነበር። ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ቃሌን አንብቦ የታዘዘልኝ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁለተኛውን ምን ብሎ እንደሚያነበው በምን አውቃለሁ? ብዕሩን ከድኜ አስቀመጥኩት። ስለዚህ ውጤትሽ እስኪደርሰኝ ድረስ አንድ መስመር አልጽፍልሽም። ፖስታ ባይመጣልሽ ረሳችኝ እንዳትይ። በየጧቱ ወረቀቱ ፊት እቀመጣለሁ፤ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ።

አንቺ ጻፊልኝ።

የዓለምወርቅ